የዲኑ ቶከን እንዴት እንደተቆለፈ

ሶዶ ውስጥ «ኢንጂነር» ለመባል ዲግሪ አያስፈልግም። ላፕቶፕ ይዞ መሄድና ሰው ሲጠይቅ ወዲያው አለመመለስ ይበቃል። እኔ ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ ሬዲዮ ጠገንኩ፣ ከዚያ ሞባይል፣ ከዚያ ኮምፒውተር፤ በመጨረሻም ፕሮግራም መጻፍ ራሴን አስተማርኩ። ይህንን ታሪክ ለልጆቼ በየሳምንቱ እነግራቸዋለሁ። ከመደጋገሙ የተነሳ እኔ ስጀምረው እነሱ ይጨርሱታል። ግድ የለኝም። ምክር የሚሰለቸው ያልሰማው ሰው ነው።

በዚህ ማዕረግ ላይ ሳለሁ ከከተማው የግል ኮሌጆች አንዱ ጠራኝ። ችግራቸው ፎርጅድ ነበር። የኮሌጁን ማህተም አስመስሎ የሚቀርጽ ባለሙያ ተገኝቶ፣ ኮሌጁ ያላስተማራቸው ሰዎች ኮሌጁ ካስተማራቸው የበለጠ ውጤት ይዘው ሥራ መቀጠር ጀምረዋል። ዲኑ በዚህ ተቆጡ። ያላስተማሯቸው ሰዎች ጎበዝ መሆናቸው ሳያናድዳቸው አልቀረም። ስለዚህ ከእንግዲህ የተመራቂዎች ጊዜያዊ ዲግሪ (ቴምፖ) እና ትራንስክሪፕት በኮምፒውተር ይፈረማል፣ ቀጣሪውም ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ ፊርማው እውነተኛ መሆኑን ያያል ተባለ። ለዚህም ቶከን ተገዛ።

ቶከን ማለት ፍላሽ የምትመስል ትንሽ ዕቃ ናት። ውስጧ ስማርት ካርድ አለ፤ የስልክ ሲም ካርድ ላይ እንዳለው ያለ ቺፕ ነው። የመፈረሚያው ቁልፍ እዚያ ውስጥ ተወልዶ እዚያው ይሞታል፤ አይወጣም፣ አይቀዳም። ፕሮግራሙ ወረቀቱን ወደ ቶከኑ ይልካል፣ ቶከኑ ፈርሞ ይመልሳል። ከመፈረሙ በፊት ግን የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል። ሦስት ጊዜ ተሳስተህ ከነገርከው ይቆለፋል። ምልጃ የለም፣ «የማን ልጅ ነህ» የለም፣ ነገ ተመለስ የለም። ጉቦ የማይበላ ሠራተኛ ገዝተዋል አልኳቸው ለዲኑ። አልሳቁም።

የእኔ ሥራ የኮሌጁን የሬጅስትራር ፕሮግራም ከዚህ ግትር ዕቃ ጋር ማነጋገር ነበር። መመሪያው በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ እንግሊዝኛው ደግሞ ማንም እንዳያነበው ተብሎ ተጽፏል። አራት ወር ፈጀብኝ። ትልቋ ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቃ ሥራ እስክታገኝ ቤት ነበረች። «አባዬ፣ ልርዳህ?» ብላኝ ነበር። ያለ ዩኒቨርሲቲም እንደሚቻል ላሳያት ስለፈለግኩ እንጂ ሌላ ምክንያት ሳይኖረኝ እምቢ አልኳት።

የሬጅስትራሩ ቢሮ ኮምፒውተር የዩኤስቢ ቀዳዳው ላልቷል። ወንበር በተሳበ ቁጥር ቶከኑ ይነቃነቅና ይቋረጣል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳም እንደዚሁ። ስለዚህ በፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ሕግ ጻፍኩ፦ ካልተሳካ ዝጋ፣ ክፈት፣ እንደገና ሞክር፤ እስከ ሦስት ጊዜ። ይህን ከመመሪያው አላገኘሁትም። የቤቴ ሕግ ነው። ሦስት ጊዜ ሳይሞክር «አልቻልኩም» የሚል ልጅ እኔ ፊት አይቆምም። ፕሮግራሜንም እንደ ልጆቼ አሳደግኩት።

ሁለቱን ሕጎች፣ የቶከኑንና የእኔን፣ ጎን ለጎን ያየ አንባቢ አሁን ፈገግ ብሎ ይሆናል። እኔ አራት ወር አብሬያቸው ኖሬ አላየኋቸውም። የሞከርኩበት ቶከን ደግሞ አሥራ አምስት ስህተት የሚፈቅድ የመለማመጃ ቶከን ስለነበረ አንድም ቀን አልተቆለፈብኝም።

ሌላም ነገር ጻፍኩ። ሌሎች ፕሮግራሞች ሲሳሳቱ ቁጥር ያወጣሉ፤ ቁጥር ማንንም አያርምም። የእኔ ግን ይመክራል። ቀን በስህተት ያስገባ ሰው «ከመጻፍ በፊት ማሰብ ይቀድማል» የሚል ያነባል። ቶከኑ ከተቆለፈ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «የምስጢር ቁጥሩ ሦስት ጊዜ በስህተት ገብቷል። ቶከኑ ተቆልፏል። የራስዎ ያልሆነውን አይንኩ።» ይህችን የመጨረሻዋን ስጽፍ በጣም ደስ ብሎኝ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ዲኑ ከጎንደር የመጡ፣ ሥነ ሥርዓት የሚወዱ፣ ክራቫታቸውን በሙቀትም የማይፈቱ ሰው ናቸው። ለብዙ ዓመት ማህተም ስለመቱ፣ ከመምታታቸው በፊት ቀለሙ እንዲፈታ ማህተሙን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ሃ» ብለው ይተነፍሱበታል። ቶከኑን ባስረከብኳቸው ቀን አዩት፣ ገለበጡት፣ «ሃ» አሉበትና ኮምፒውተሩ ላይ ሰኩት። ለማረም አፌን ከፍቼ ነበር። ሠርቶ ፈረመ።

ማህተሙን የምትይዘው የሬጅስትራሩ ፀሐፊ ናት። የዚሁ የሶዶ ልጅ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የማታንስ፣ ጽሕፈት በታይፕ መኪና የተማረች፣ ኮሌጁ ሲከፈት የተቀጠረች ሴት ናት። የማህተሙ ሳጥን ቁልፍ ከአንገቷ አይወርድም። ፈቃድ ያልተጠየቀበትን ወረቀት ለዲኑም ቢሆን አትመታም ይባላል። ስገባ «ሳሮ፣ ወንድሜ» ትለኛለች። እኔም «ሳሮ፣ እህቴ» እላለሁ። ከወላይትኛ ቀጥለን ወደ አማርኛ እንገባለን፤ ቢሮ ነውና።

አንድ ሰኞ ጠዋት ፕሮግራሙን ለማየት ስሄድ የምስጢር ቁጥሩን የምታስገባው እሷ ሆና አገኘኋት። ዲኑ ነግረዋታል። ለምን ስላቸው፣ «ማህተም ያዧ እሷ አይደለችም እንዴ?» አሉኝ። እንደዚህ ዓይነት ዕድል አያመልጠኝም። ምስጢር ሁለት ሰው ካወቀው ወሬ ነው ብዬ ጀመርኩ። ስለ አደራ፣ ስለ ፊርማ፣ ስለ አገር መውደቅ ተናገርኩ። የፈረሙትን ደንብም አስታወስኳቸው፤ ቶከኑን ከዲኑ በቀር ማንም አይነካም ይላል። ዲኑ ተነክተው ከቶከኑ ጋር በመጣችው ሌላ ፕሮግራም ቁጥሩን እዚያው ቀየሩት። ሲቀይሩ ለሁለታችንም ጀርባቸውን ሰጡን።

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺም ነፃ ወጣሽ» አልኳት ፀሐፊዋን።

«እኔ መች ታስሬ ነበር?» አለችኝ።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳቸውም፤ አላሰብኩትምና። የእኔ ፕሮግራም ጠዋት የተነገረውን ቁጥር ቀኑን ሙሉ ይዞ ይውላል፤ በየወረቀቱ እንዳይጠይቅ። ቁጥሩ በሌላ ፕሮግራም ሲቀየር የሚነግረው የለም። አሮጌውን ቁጥር ይዞ፣ ትክክል ነኝ ብሎ፣ ተቀምጧል።

ዲኑ ከሰዓት ለስብሰባ አረካ ሄዱ። የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ስድስት ቀን ቀርቶታል። ከዲምቱና ከሻንቶ የመጡ ተመራቂዎች ቴምፖአቸውን ይዘው ለበዓሉ ለመግባት መስኮቱ ላይ ተደርድረዋል። ፀሐፊዋ ለዲኑ ደወለች። እሷ እንደምትለው ዲኑ፣ «ጠዋት ተከፍቷል፣ ቶከኑን ከመሳቢያዬ አውጥተሽ ስኪውና ፈርም የሚለውን ብቻ ንኪ» አሏት። አወጣች፣ ሰካች፣ ነካች። በስክሪኑ ላይ ስብከቴ መጣ።

ዲኑ ከአረካ ደውለው በአስቸኳይ ጠሩኝ። በባጃጅ ደረስኩ። ፀሐፊዋ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ፕሮግራሙ የሚያስቀምጠውን መዝገብ ከፈትኩ። ስህተት፣ ስህተት፣ ስህተት፣ ተቆለፈ። ሦስት መስመር። ከዚህ በላይ ለማንበብ ጊዜ አልወሰድኩም።

«ሦስት ጊዜ ሞክረሻል» አልኳት።

«አንድ ጊዜ ነው የነካሁት።»

«ሦስት ነው የሚለው።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ካርዱ።»

«አንድ ጊዜ ነው ስልህ፣ ወንድሜ። እነዚህ ልጆች በመስኮት ሲያዩኝ ነበር።»

«ካርድ አይዋሽም፣ እህቴ።»

«እኔስ?»

መልሴን በሪፖርት ጻፍኩ። አጭር፣ ግልጽ፣ የሚያምር ሪፖርት ነበር። «የምስጢር ቁጥሩን የማያውቅ ሰው ሦስት ጊዜ ገምቷል፤ ካርድ አይዋሽም» ይላል። ሲወጣልኝ ይህን ያህል እጽፋለሁ።

ማክሰኞ የክስ ደብዳቤ ደረሳት። «ያለ ፈቃድ የዲኑን የምስጢር ቁጥር ለመገመት በመሞከር» ይላል። በስልክ ስለመታዘዝ አንድም ቃል የለበትም። የማህተሙን ሳጥን ቁልፍ ከአንገቷ አውልቃ እንድታስረክብ ተደረገች። ከበዓሉ በኋላ የዲስፕሊን ኮሚቴ ይቀመጣል፤ መጨረሻው ስንብት እንደሆነ የማያውቅ የለም። ወሬው ደግሞ ከደብዳቤው ቀድሞ ከግቢ ወጥቷል። ወደ ቤት የመለሰኝ ባለ ባጃጅ እንኳ፣ «ኢንጂነር፣ ፎርጅድ ዲግሪ ስታትም እጅ ከፍንጅ የያዝካት እውነት ነው?» አለኝ። «እንደዚያ አይደለም» አልኩት። እንዴት እንደሆነ ግን አልነገርኩትም። ኢንጂነር ወዲያው አይመልስም ብያለሁ።

ቤት ስደርስ ልጄ ግቢ ውስጥ አቮካዶው ሥር ተቀምጣ ነበር። ድሌን ለማሳየት መዝገቡን ከፍቼ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አኖርኩ። ስለ አደራ ልናገር ስጀምር በእጇ አስቆመችኝ። በቤቴ ይህን የሚያደርግ ሰው የለም።

«አባዬ፣ ሰዓቱን አይተኸዋል?»

«ምን ሰዓት?»

«የሦስቱንም። በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ነው ያሉት።»

«ፈጣን ጸሐፊ ናት። በታይፕ መኪና ነው የተማረችው።»

«ቁጥሩ ስንት አኃዝ ነው?»

«ስድስት።»

«ሦስት ጊዜ ስድስት አሥራ ስምንት። በመሀሉ ደግሞ እሺ የሚለውን መንካት አለ። ይህን በአንድ ሴኮንድ የምትመታ ጣት ካላት ከኮሌጁ አውጥተህ ኦሎምፒክ ላካት።»

ፕሮግራሙን ከፈተችው። እኔ ራሴ የጻፍኩትን እሷ ስታነበው መስማት ደስ አይልም። ቶከኑ እምቢ ሲል ምክንያቱን አብሮ ይናገራል፤ «ተነቅያለሁ» ማለትና «ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ማለት ለእሱ ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። የእኔ ፕሮግራም ግን ምክንያቱን አይሰማም። «አልተሳካም» የሚለውን ብቻ ይሰማና እንደገና ይሞክራል። አሮጌውን ቁጥር አንዴ አቀረበ፤ ቶከኑ ስህተት ነው አለው። ዘጋ፣ ከፈተ፣ ያንኑ ቁጥር አቀረበ። ስህተት ነው አለው። ዘጋ፣ ከፈተ፣ ያንኑ አቀረበ። ሴትየዋ ጣቷን ከማንሳቷ በፊት ነገሩ አልቋል።

«እሷ አይደለችም የቆለፈችው» አለች ልጄ። ማን እንደሆነ አልጨመረችም። አስተዳደጓ ጥሩ ነው።

እዚያው ተቀምጬ ማረም ጀመርኩ። ፕሮግራሙ ምክንያቱን እንዲለይ፣ ቁጥር ስህተት ከተባለ አንዴም እንዳይደግም፣ ቶከኑ በተነቀለ ቁጥር ቁጥሩን እንዲረሳ አደረግኩት። ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ከዚያ ለኮሌጁ የምልከውን መልእክት ጻፍኩ። ልጄ በትከሻዬ በኩል አነበበችው።

«‹የፍጥነት ማሻሻያ› ብለህ ልትልከው ነው?»

«ያው ማሻሻያ ነው።»

«የፍጥነት?»

«ነገ ሄጄ በአፌ እነግራቸዋለሁ» አልኩ። መልእክቱን አጠፋሁት። እሷ ባታነበው ኖሮ እልከው ነበር፤ ይህን ጽፌ የማለፍ ግዴታ አለብኝ።

ረቡዕ ጠዋት ልናገር ሄድኩ። ዲኑ ገና ስገባ ከወንበራቸው ተነስተው ጨበጡኝ፤ ይህ ከዚያ በፊት ሆኖ አያውቅም።

«ኢንጂነር፣ ራሴ ላስጠራህ ነበር። ይህች ሴት ብዙ አገልግላለች። በዓልም ነው። የእናንተ ደንብ ጊፋታ ሲመጣ የተጣላ ይታረቃል አይደል?»

«ይታረቃል።»

«እንግዲያው አንተ ሽማግሌ ሁን። ቤቷ ሂድ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅርታ ብላ በጽሑፍ ትስጠኝ። እኔ ክሱን ቀድጄ በሌላ ቢሮ አስቀምጣታለሁ። ማህተሙ ግን አይመለስላትም። አንተን ታከብርሃለች።»

እዚህ ላይ መናገር ነበረብኝ። ነገር ግን ሐሳቡ ምን ያህል እንደሚያምር ተመልከቱልኝ። እሷ ሥራዋን አታጣም። ዲኑ ስለ ስልኩ አይጠየቁም። ፕሮግራሙን በጸጥታ አርሜያለሁ። ሁሉም በሰላም ወደ አዲስ ዓመት ይሻገራል፤ የሚያስፈልገው አንዲት ሴት ያላደረገችውን አድርጌያለሁ ብላ መፈረሟ ብቻ ነው። ቶከኑን የቆለፈው ሰው ደግሞ በሽማግሌነት ተመርጧል። በዕድሜዬ ከተሰጡኝ ማዕረጎች ሁሉ ይህንን የሚስተካከል የለም።

«እሺ» አልኩ።

ማታ ልጄ «ነገርካቸው?» ስትለኝ፣ «በሽምግልና ተይዟል» አልኳት። ሳህኗን ይዛ ተነሳች።

ሐሙስ ከሰዓት ወደ ፀሐፊዋ ቤት ሄድኩ። ቤቷ ከገበያው በላይ፣ ዳሞታ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት ሰፈር ነው። የበዓል ዝግጅት ላይ ነበረች፤ ልጆቿ ግቢ ያጸዳሉ፣ ቅቤው በየዕቃው ተቀምጧል። ለከሰሳት ሰው የተቀቀለ ቦዬ፣ የአገራችንን ሥራ ሥር፣ ከዳጣ ጋር አቀረበችልኝ። ደንብ ነው። ዳጣው ያቃጥላል፤ ዓይኔ ሲያነባ ምክንያት ሆነኝ።

«እንኳን ደህና መጡ» አለችኝ። «አንተ» ማለቷን ትታለች።

ጉሮሮዬን ጠርጌ ጀመርኩ። አዎ፣ እውነቱን እያወቅሁ ጀመርኩ። የሰው ልጅ ይሳሳታል አልኩ። ይቅርታ መጠየቅ ትልቅነት እንጂ ትንሽነት አይደለም አልኩ። ቂም ይዞ ጊፋታን መሻገር ነውር ነው አልኩ። ጥሩ ንግግር ነበር፤ አንድም ሐሰት ቃል የለበትም። እንዲህ ያለ ንግግር በጣም አደገኛ ነው።

እሷ አዳመጠችኝ። ስጨርስ፣ «ምን ብዬ ልጻፍ?» አለች።

«ሞክሬ ነበር፣ ይቅርታ ብለሽ።»

«እሺ። ስንት ጊዜ ነው የሞከርኩት?»

«ሦስት።»

«የመጀመሪያው ቁጥር ስንት ነበር?»

አንድ ቦዬ አነሳሁ።

«ካርዱ ያውቃል ብለዋል። ይንገሩኛ፤ ደብዳቤው ላይ ላስገባው። ሁለተኛውስ? ሦስተኛውስ? እኔ ይቅርታ መጠየቅ አልጠላም። በቀደም ለጎረቤቴ ዶሮ እንኳ ጠይቄያለሁ። ግን ያደረግሁትን ልወቀው። ያላወቅሁትን ኃጢአት ፈርሜ እንዴት አድርጌ ነው በዓሉን የምገባው? ፈጣሪስ የቱን ይቅር አልኩሽ ይለኛል?»

ቦዬውን አስቀመጥኩ።

«አልሞከርሽም» አልኳት። «ፕሮግራሙ ነው የሞከረው። እኔ ነኝ እንደዚያ አድርጌ የጻፍኩት። አንቺ አንድ ጊዜ ነው የነካሽው።»

ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ብትቆጣ ይቀለኝ ነበር።

«መቼ ነው ያወቁት?»

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ሐሙስ ነው» አለች። ቦዬውን ወደ እኔ መለሰችው። «ይብሉ፤ ይቀዘቅዛል። የነገሩኝን ግን እዚህ አልፈልገውም። እዚህ የሚያምነኝ እንጂ የማያምነኝ የለም። የከሰሱኝ ቦታ ሄደው ይንገሩ።»

ዓርብ ጠዋት የመለማመጃውን ቶከን ይዤ ዲኑ ቢሮ ገባሁ። ፀሐፊዋም እንድትገኝ ጠየቅኩ፤ በሩ አጠገብ ቆመች። ለዲኑ ነገርኳቸው።

«ካርድ አይዋሽም ያልከው አንተ አይደለህም?»

«ካርዱ አልዋሸም። ቁጥሩ ሦስት ጊዜ ቀርቦለታል። ያቀረበው ሰው አይደለም ነው የምልዎት።»

«ይሄ በሽምግልና ያለቀ ጉዳይ ነው፣ ኢንጂነር። ምን ያስቆፍርሃል?»

«አላለቀም። ሽማግሌው ራሱ ተከሳሽ ሆኗል።»

«እኔ ቴክኒክ አይገባኝም።»

«እንዲገባዎት አልጠይቅም። በጣትዎ ይንኩልኝ።»

የመለማመጃውን ቶከን እንደ እሳቸው ቶከን ሦስት ስህተት ብቻ እንዲፈቅድ አስተካክዬ፣ ያልታረመውን አሮጌ ፕሮግራሜን ከፈትኩ። የምስጢር ቁጥር እንዲያስገቡ አደረግኩ። ከዚያ በሌላዋ ፕሮግራም ቁጥሩን ራሳቸው ቀየሩ፤ ዛሬም ጀርባቸውን ሰጡን። ቶከኑን ነቅለው መልሰው ሰኩ። «አሁን ፈርም የሚለውን አንድ ጊዜ ብቻ ይንኩ» አልኩ። ፀሐፊዋ ከበሩ ጠጋ አለች። ዲኑ ጣታቸውን ቀና አድርገው፣ ምስክር እንደሚያስፈልገው ሰው ግራ ቀኝ አይተው፣ አንድ ጊዜ ነኩ።

«የምስጢር ቁጥሩ ሦስት ጊዜ በስህተት ገብቷል» አለ ስክሪኑ። «ቶከኑ ተቆልፏል። የራስዎ ያልሆነውን አይንኩ።»

ዲኑ አነበቡት። እንደገና አነበቡት።

«እኔ አንድ ጊዜ ነው የነካሁት» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ ማንም አልሳቀም። ፀሐፊዋ መሬት መሬት ታያለች። ለእሷ ክብር ብዬ እኔም መሬት አየሁ።

«ማነው ይሄንን ጽሑፍ የጻፈው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ባለጌ ጽሑፍ ነው።»

«አዎ» አልኩ። ጽሑፉን ያን ዕለት አጠፋሁት። አሁን ፕሮግራሙ የሆነውን ብቻ ይናገራል፤ ማን እንዳጠፋ አያውቅምና አይልም።

ዲኑ ክሱን ከፋይሉ አወጡ። ስለ ስልኩ ምንም አላሉም፤ ነገር ግን ወረቀቱን ሲቀድዱ «አረካ መንገድ ላይ ሆኜ ድምፅ አይሰማም ነበር» ብለው አጉረመረሙ። ከእሳቸው የሚወጣው ይቅርታ ይህን ያህል ነው፤ እኔ ሌላውን የምመዝንበት ቀን አልነበረም። የማህተሙን ቁልፍ መለሱላት። በአንገቷ አጠለቀችውና ወደ እኔ ዞረች።

«የከሰሰኝ ሪፖርት በወረቀት ነው» አለች። «ያላጠፋሁትም በወረቀት ይሁንልኝ።»

እኔ ተናገርኩ፣ እሷ በኮምፒውተሯ ጻፈች። በእርግጥም ፈጣን ናት። «የሬጅስትራሩ ፀሐፊ አንድ ጊዜ ብቻ የነኩ ሲሆን ቶከኑ የተቆለፈው በእኔ ጥፋት ነው፤ ይህንንም ካወቅሁ በኋላ ሁለት ቀን ሳልናገር ቆይቻለሁ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ሁለተኛውን ሐረግ ልተወው አስቤ ነበር። እጇን ኪቦርዱ ላይ እንዳደረገች ጠበቀችኝ። ተናገርኩት። ጻፈችው። ፈረምኩ። ማህተም ሲያስፈልገው ሳጥኑን ከፍታ ማህተሙን ለዲኑ አቀበለች።

«በራሴ ጉዳይ እኔ አልመታም» አለች።

አራት ወር ሙሉ በፕሮግራም ላስተምረው የደከምኩትን ደንብ ያለ ቶከን ታውቀው ነበር። ዲኑ መቱት።

ቶከኑን የሚከፍተው አዲስ አበባ ያለው አውጪው ድርጅት ብቻ ስለሆነ ከበዓሉ በኋላ በራሴ ወጪ ይዤው እንድሄድ ተስማማሁ። እስከዚያው ከዲምቱና ከሻንቶ የመጡት ልጆች በአሮጌው ማህተም የተመታ ቴምፖ ይዘው ተሸኙ። ሥልጣኔ አንድ ሳምንት እረፍት ወሰደ።

ፀሐፊዋ ደብዳቤውን በሦስት ቅጂ አወጣችው። አንዱን ፋይል ውስጥ አስገባች፣ አንዱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሦስተኛውን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ይሄ ለእርስዎ ነው። ልጆችዎ ፊት ያንብቡት።»

«ምን ያደርግላቸዋል?»

«እኔ ልጆቼ እየሰሙ በከተማው አፍ አምስት ቀን ሌባ ሆኜ ከርሜያለሁ» አለች። «እርስዎ አንድ ማታ ተሳሳትኩ ቢሉ አይሞቱም።»

ቅዳሜ፣ የጊፋታ ዋዜማ፣ ከእራት በፊት ሁሉንም ሰበሰብኳቸው። ምክር የመጣ መስሏቸው እንደ ልማዳቸው ተቀመጡ፤ ትንሹ ልጄ ከወዲሁ ያዛጋል። ወረቀቱን አውጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ትልቋ ልጄ ገና ከመጀመሪያው መስመር ምን እንደሆነ ገባት፤ አንገቷን ደፋች። ትንሹ ማዛጋቱን አቆመ። «በእኔ ጥፋት» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ሳላዘው ዝቅ አለ። ቀጥዬ እስከ ፊርማው አነበብኩና ወረቀቱን አጠፍኩት።

ባለቤቴ ከጓዳው በር ላይ ሆና፣ «መሀል ላይ ያለው አልተሰማም» አለች።

እውነቷን ነው። ወረቀቱን ዘርግቼ ከዚያ ዓረፍተ ነገር ጀምሬ እንደገና አነበብኩት።